ቢጫ ሱሪ ያደረገችው ንብ

ልጅ ጣቱን ወደ መሬት ቀስሮ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ከአብዛኞቻችን አፍ የሚወጣው ወይ «ተወው፣ ይነድፍሃል!» ነው ወይ «እርገጠው!» ነው። ጉንዳኑም፣ ጢንዚዛውም፣ ሸረሪቷም «ትል» በሚል አንድ ስም ተጠቃለው ጫማ ሥር ይገባሉ። ልጁም የጠየቀውን ስም ሳያውቅ መርገጡን ተምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን የምለው ማር አገር ተቀምጬ ነው። የሰቆጣ ነጭ ማር ዝናው አዲስ አበባ ከደረሰ ቆይቷል፤ ገዢው ግን ምን ነጭ እንዳደረገው እምብዛም አይጠይቅም። ነገሩ ያለው መንተሴ የምትባል ቁጥቋጦ ላይ ነው። ክረምቱ ወጣ ሲል በዋግ ተረተሮች ላይ ታብባለች፣ ንቡም ይሰፍርባታል። እኛ ቤት ታዲያ መስከረም ከገባ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያለው ሥራ እሷ አጠገብ መቀመጥ ሆኗል፤ ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመቷ ልጃችን፣ የአራት ዓመቱ ወንድሟና እኔ። መሣሪያ የለንም። ደንብ ግን አለን፤ እጅ አይወራጭም፣ ቀፎ ፊት አይቆምም፣ የተያዘ ይለቀቃል።

ትንሹ መጀመሪያ ያየው የኋላ እግሯን ነው። «አባዬ፣ ንቧ ቢጫ ሱሪ አድርጋለች!» እውነቱን ነው። የአበባ ብናኝ ነው፤ እየጠፈጠፈች በኋላ እግሮቿ ተሸክማ ለቀፎው ጨቅሎች ቀለብ ትወስደዋለች። እኅቱ ደግሞ እግር ቆጠራ ገባች። ንብ ስድስት፣ ጉንዳን ስድስት፣ ጢንዚዛ ስድስት። ሸረሪት ላይ ስትደርስ ስምንት ሆነባት፤ ደግማ ቆጠረች። «ይቺማ የነሱ ወገን አይደለችም!» መጽሐፉ «ሦስት አጽቄ» እያለ የሚያስጨንቀንን ነገር ድንጋይ ሥር አገኘችው።

ከባዱ ጥያቄ የመጣው አያታቸው ጓሮ፣ በጭቃና በእበት ከተለቀለቀው ቀፎ አጠገብ ነው። «አባባ፣ አውራው ወንድ ነው?» አማርኛችን «አውራ» ይላታል፣ አውራ ዶሮ እንደምንለው። እሷ ግን እናት ናት፤ ቀፎው ሙሉ ልጆቿ ናቸው። ወንዶቹ ድንጉላ የሚባሉት ናቸው፤ ማር አይሠሩም፣ መንደፊያም የላቸውም። (ባለቤቴ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልትል ነበር፤ ልጆቹ ስላሉ ተወችው።) አባባ ሳቁና «እኛ አውራ ስንላት ኖርን፤ እሷ እንደሆነች ሥራ ላይ ናት፣ አትሰማን» አሉ። ከዚያ የአበባውን ሁሉ ስም በኽምጣንጋ ይነግሯቸው ጀመር። ልጆቹ ይደግማሉ፤ የኔ ምላስ ይተሳሰራል።

የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። በአገራችን ብዙ ቦታ ቀፎ የአባወራ ጉዳይ ነው። ማሩ የሚቆረጠውም ሲጨልም፣ ልጅ ከተኛ በኋላ ነው። ንብ አይቀለድበትምና ጥንቃቄው ይገባኛል፤ እውቀቱም አብሮ ጨለማ ውስጥ መቅረቱ ግን አይዋጥልኝም። ልጁ የሚደርሰው ወይ ማሩ ነው ወይ ንድፊያው።

ነፍሳትን በሌላ መንገድ ያወቀም ልጅ አለ። ጎረቤታችን አሁን አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ ወሎንና ዋግን ሲወር፣ ማሳ ውስጥ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ጅራፍ ሲያጮህ የዋለ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35 ሺህ ሰው ምግብ ያህል ይበላል። የዚህ ልጅ አባት ማሽላም እዚያ ውስጥ ነበረበት። «ይሄንን ነው ቁጭ ብላችሁ የምታዩት?» ብሎ ታዝቦናል። አልፈረድኩበትም። ግን መርዝም እንደሱ ነው፣ አይለይም፤ አንበጣውን የሚገድለው ንቧንም ይገድላታል። ለይቶ የማያውቅ ሰው እጅ ላይ ሲገባ ደግሞ ምን ሊተርፍ ነው?

ባለፈው እሑድ ግን ራሱ መጣ። ልጄ «አንበጣ ያዝኩ!» ስትል ሰምቶ ኖሮ አጥሩን ዘሎ ገባ። አየት አደረገና «ፌንጣ ነው፤ አንበጣ ቢሆን ብቻውን አታገኝውም ነበር» አላት። ኩብኩባው ክንፍ ሳያወጣ እንዴት እየዘለለ እንደሚሄድ፣ ያኔ ካልተያዘ በኋላ እንደማይቻል፣ ጧት ብርዱ ሳይለቀው እንደማይበር በእጁ እያሳየ ነገራት። ከሁላችንም በላይ ያውቃል።

«እግሩስ ስንት ነው?» አለችው።

«እሱን ቆጥሬው አላውቅም።»

ፌንጣው አሁንም እጇ ላይ ነበርና አብረው ቆጠሩ።