የአሮጌው ሞተር ብስክሌት ቁጥር

ሰው ከእጁ ሥራ ብዙ ትምህርት ያገኛል። እኔም በእንግሊዝ አገር ስኖር ከአንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት የተማርሁትን እነግራችኋለሁ። ልጆች ሆይ፥ ልብ ብላችሁ አንብቡ።

ከሞተር ብስክሌት ውድድሮች አንዱ ትራያል ይባላል፤ ትርጓሜውም ፈተና ማለት ነው። በዚህ ውድድር የሚያሸንፈው ፈጣኑ አይደለም። ተወዳዳሪው በድንጋይ፥ በጭቃና በወንዝ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ እግሩንም መሬት ማስነካት የለበትም። አንድ ጊዜ ቢያስነካ 1 ነጥብ፥ ደጋግሞ ቢያስነካ 3 ነጥብ፥ ቢቆም ወይም ቢወድቅ 5 ነጥብ ይቈጠርበታል። ነጥቡ ያነሰለት ሰው ያሸንፋል። በየስፍራውም አንድ ተመልካች ቆሞ ያየውን ይጽፋል።

አስቀድሞ በዚህ ውድድር የታወቁት ከባዶቹ የብሪታንያ ሞተር ብስክሌቶች ነበሩ። የቤልፋስት ተወላጅ የሆነው ስመ ጥሩ ተወዳዳሪ ሳሚ ሚለርም ኤርየል የምትባለውን 500 ሲሲ ይነዳ ነበር። ነገር ግን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ወደ እስፓንያ ሄደ። በዚያም በባርሴሎና አጠገብ ፍራንሲስኮ ቡልቶ በ1958 ያቋቋመው ቡልታኮ የሚባል ፋብሪካ ነበረ። ሚለር ከፋብሪካው ሰዎች ጋር እየነዳና እያሻሻለ ሼርፓ ቲ የምትባለውን ቀላል ሞተር ብስክሌት አወጣ። ክብደቷ 100 ኪሎ አይሞላም፤ ሞተሯም 244 ሲሲ ነው። በ1965 በእርስዋ ተቀምጦ በስኮትላንድ የሚደረገውን የስድስት ቀን ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በፊት ከብሪታንያ ውጭ የተሠራ ሞተር ብስክሌት ይህን ውድድር አሸንፎ አያውቅም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሼርፓዎች ዛሬ በውድ ዋጋ ይፈለጋሉ።

እኔም በዝገት የተበላች አንዲት ሼርፓ ካጠራቀምሁት ገንዘብ ገዛሁ። ሻጩ «የ1965 ናት» አለኝ። አድሼ ሸጬ በትርፉ በአገር ቤት ያለውን የእናቴን ቤት ጣራ በአዲስ ቆርቆሮ ላስከድን አሰብሁ፤ ክረምት በገባ ቍጥር ቤቱ ያፈስ ነበርና።

ሥራውን በችኰላ ጀመርሁ። የሲሊንደሩ ራስ አልላቀቅ ቢለኝ በመዶሻ መታሁት፤ ሞተሩን የሚያበርዱት ስስ የአሉሚንየም ክንፎችም ሁለቱ ተሰበሩ። የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፥ በአንድ ቀን ያበላሸሁትን አስበይጄ እስካገኝ ብዙ ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲህ የዛገውን ቡሎን ሁሉ ማታ ዘይት እያጠጣሁ ጧት እፈታው ጀመር። ካርቡራተሩን አጠብሁ፤ ካንዴላውንና ካቴናውን ለወጥሁ።

አንድ ቀን የሻንሲውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ከሥሩ ቍጥር ተገለጠ። ፋብሪካው በሞተሩም በሻንሲውም ላይ ቍጥር ይመታ ነበር፤ የቍጥሩም መጀመሪያ የሞተር ብስክሌቷን ዓይነት ያመለክታል። የፊተኛዪቱ ሼርፓ ቲ ቍጥር 10 ነው፤ 49 ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወጣችው ናት። ሞተሩን ባየው 10 ይላል፤ ሻንሲውን ባየው 49 ይላል። መጻሕፍትንም ባገላብጥ ነገሩ ግልጥ ሆነ። የእኔዪቱ ከሁለት ሞተር ብስክሌቶች የተገጣጠመች ነበረች።

አንድ የማውቀው ሰው፥ «ምን ያስጨንቅሃል? 49ኙን በሞረድ አጥፍተህ 10 ምታበት፤ የቀረውን ቀለም ይሸፍነዋል» አለኝ። እኔም የእናቴን ጣራ አስቤ ሞረዱን አነሣሁ።

በዚያው ሰዓት ሽማግሌ ጎረቤቴ ገባ። እርሱም በጕልምስናው ጊዜ በዚህ ውድድር ይወዳደር ነበር። ሞረዱንና ቍጥሩን አይቶ ነገሩ ገባው፤ ነገር ግን አልተቈጣኝም። ተቀምጦም እንዲህ አለኝ፦ «አንድ ቀን በውድድር ሳለሁ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ እግሬ መሬት ነካ። ተመልካቹ አላየኝም፤ በወረቀቱም 0 ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ግን ተመልሼ ነገርሁት። 1 ነጥብ ተቈጠረብኝ፤ በዚያችም በአንዲት ነጥብ ተሸነፍሁ።»

«አልቈጨዎትም ወይ?» አልሁት።

«ቈጭቶኛል እንጂ፤ አንድ ሳምንት ያህል። ዝም ብል ኖሮ ግን እስከ ዛሬ ይቈጨኝ ነበር» አለኝ።

እኔም ሞረዱን ወደ ሣጥኑ መለስሁት።

ገዢ በመጣ ጊዜ ሁለቱንም ቍጥሮች በጣቴ አሳየሁት። እርሱ የሚፈልገው የፊተኛዪቱን ነበርና ትቶኝ ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ሰው መጣ። ይህ ሰው የሚፈልጋት ሊነዳት ነበርና እውነቱን ሰምቶ ካሰብሁት ዋጋ በእኩሌታው ገዛት። ገንዘቡም ለጣራው ግማሽ ብቻ በቃ። ለእናቴ በስልክ ምክንያቱን ሁሉ ነገርኋት። እርስዋም፥ «ልጄ፥ አልጋዬን ወደ ተከደነው ወገን አዛውሬዋለሁ፤ እንቅልፌም ደኅና ነው» አለችኝ። የቀረውን ግማሽ በሚቀጥለው ዓመት ከደመወዜ አስከደንሁ።

ልጆች ሆይ፥ እናንተም መምህሩ ሳያይ ከጓደኛችሁ ደብተር ልትቀዱ የምትፈተኑበት ቀን ይመጣል። በዚያን ጊዜ ይህችን ሞተር ብስክሌት አስቡ። ቀለም ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም፤ ሐሰትም እንዲሁ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።