የምድር ቤቱ ወንበር

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 14 ዓመት አገልግለናል። አንድ ቀን ፋይል ተሸክመን ከሦስተኛው ፎቅ ስንወርድ ከደረጃው ላይ ወደቅን፤ ቀኝ እግራችንም እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም። ሕክምናችንን ጨርሰን በከዘራ ተደግፈን ስንመለስ የጠበቀን የስንብት ደብዳቤ ነበር፤ «ለሥራው ብቁ ሆነው ስላልተገኙ» ይላል። እኛ ግን መዝገብ የምንጽፈው በእጃችን እንጂ በእግራችን አልነበረም። በምድር ቤት አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር እንዲሰጠን ብናመለክት መልሱ «እግዜር ይማርዎ» ሆነ።

ወዳጆቻችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ መከሩን። ይሁን እንጂ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት በ2000 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 568 ገልጠን አነበብን። አሠሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን፥ ከአቅሙ በላይ እስካልሆነ ድረስ የሥራውን ሁኔታ ለጉዳተኛው እንዲያመቻች ያዝዛል፤ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ለሚከስም የማስረዳቱን ሸክም በአሠሪው ላይ ያደርጋል።

ከሰስን፤ ፍርዱ ገና ነው። ነገር ግን በችሎት ፊት «ምክንያትህን አስረዳ» የተባለው መሥሪያ ቤቱ እንጂ እኛ አልነበርንም።

የስንብት ደብዳቤ የምትፈርሙ አለቆች ሆይ! ከመፈረማችሁ አስቀድሞ በምድር ቤት ባዶ ወንበር መኖሩን ተመልከቱ። የለመንነው ሥራ እንጂ ምጽዋት አይደለም።