ሥጋ የተወው ሞርሞን

እዚህ ኢየሩሳሌም የክፍሌ ጓደኛ ከዩታ የመጣ ሞርሞን ነው። ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ በእምነቱ ክልክል ናቸው (ቡና አፍልቶ ብቻውን መጠጣት ለሐበሻ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ መንገር አያሻኝም)። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ሥጋ ተወ። ይህንንም ያደረገው ከእምነቱ ወጥቶ ሳይሆን እምነቱን አንብቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ጆሴፍ ስሚዝ ያወጣው «የጥበብ ቃል» ሥጋ በቁጥብነት፣ ይልቁንም በክረምት፣ በብርድና በረሃብ ጊዜ ብቻ ቢበላ መልካም ነው ይላል። ዳሩ ግን አንድ ሞርሞን ይህን ቃል መጠበቁ የሚመዘነው በቡናውና በመጠጡ እንጂ በሥጋው አይደለም።

አጎቱ ሌላ ጥቅስ አወጣበት፤ ከሥጋ ራቁ እያለ የሚከለክል ከእግዚአብሔር አልተላከም የሚለውን፣ የ1831ዱን። ልጁ ግን የለወጠው የራሱን ሳህን ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜም (እዚህ አገር ሰንበታቸው ቅዳሜ ነው) ከጸሎቱ አይቀርም።

በበኩሌ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቫይታሚን ቢ12 ነበር፤ እንቁላልና ወተት ስለሚወስድ አያሰጋውም። የከበደው ብቻውን መሆኑ ነው። የእኛ ጾም የጋራ ነው፤ በሁዳዴ ሽሮ የሚበላን ሰው ማንም ምክንያት አይጠይቀውም። በፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ አልበላም የሚል ቢገኝ ግን፣ መነኩሴ ካልሆነ በቀር፣ ታሟል እንላለን።

እናቱም ያሉት ይህንኑ ነው። በስልክ «አንተ ሐኪም ልትሆን ነውና እባክህ እየው» አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። «ታዲያ ለምን አይበላም?» አሉ። ስልኩን ለእርሱ ሰጠሁት።