ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፤ ስለ ጥልፍ መኪና ምርጫ

ባለፈው ኅዳር ወር የእኅታችን ልጅ በደብረ ብርሃን ከተማ የጥልፍ ሥራ ቤት ልታቋቁም ማሰቧን ገልጻ፣ ገንዘቡ ከእጇ ሳይወጣ ምክር እንድንሰጣት ብትጠራን፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ከዚያ ደረስን። ገንዘቡ ከዕቁብ የደረሳትና እናቷ አንድ ጥማድ በሬ ሸጣ የጨመረችላት ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለእኛም ቀላል አልነበረም።

ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቈረቈሯት ከተማ ናት፤ እንግዳን አስቀድሞ የሚቀበለው ግን ብርዷ ነው። የበግ ጠጕር ያገሩ ሀብት በመሆኑ የመንዝ ሰው ባናውንና በርኖሱን ከዚሁ ይሠራል፤ ከተማይቱም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቃለች።

ልጂቱ ልቧን የጣለችበት ዐሥራ አምስት መርፌ ያለው፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መኪና ነበር። ሻጩም «ዕውቀት አይሻም፤ ቍልፉን መጫን ብቻ ነው» ብሏታል። በእርሱ ወፍራም ጨርቅ ላይ የተጠለፈው ናሙና በእውነት ያምር ነበር። እኛ ግን የራሷን ሸማ ወስደን ይጠለፍልን ብንል፣ መስቀሉ አልቆ ሲወጣ ዙሪያው እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማትሮ ተገኘ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሸማ በእጅ የተሸመነና የሳሳ ስለ ሆነ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ ሲያርፍበት ይሳባል። ስለዚህ ከሥሩ ደጋፊ ጨርቅ፣ ከላዩም በውሃ የሚሟሟ ስስ ሽፋን ያሻዋል። ከዚህም በላይ መኪናው ሥዕል ማንበብ አይችልም፤ ሥዕሉን ወደ ስፌት የሚለውጠው ሶፍትዌር ነው፤ የክሩን አቅጣጫ፣ የስፌቱን ጥብቀትና ቅደም ተከተል የሚወስነው ግን በሶፍትዌሩ የሚሠራው ሰው ነው። ዊልኮም የሚባለው ሶፍትዌር ዋጋው ከባድ ሲሆን፣ ኢንክ ስቲች ግን ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ለመማር ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። ትንንሾቹን የቤት መኪናዎች ያሰብን እንደ ሆነ ደግሞ፣ የብዙዎቹ መወጠሪያ 10 ሳንቲ ሜትር በ10 ብቻ ነውና፣ ከደረት እስከ ጫፍ የሚወርደውን የቀሚስ ጥልፍ ደጋግሞ እየወጠሩ ማገጣጠም ግድ ይሆናል። በደቂቃ 600 ጊዜ የሚወጋ መኪናም 60,000 ስፌት ያለውን ጥልፍ ለመጨረስ 100 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በዚህ መካከል መብራት ቢጠፋስ?

በማግሥቱ ልቧ እንዲያርፍ ወደ አንኮበር ወሰድናት። መንገዱ በገብስ ማሳና በበግ መንጋ መካከል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ምድሩ በድንገት ያልቅና ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው ገደል ይታያል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሜጀር ሐሪስን የእንግሊዝ መልእክት በ1833 ዓ.ም. የተቀበሉት በዚህ አገር ነበር። በተራራው ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያም ከታጁራ የሚመጡ ነጋዴዎች ጨርቅ የሚያራግፉበት ነበር። በዚያን ዘመን ያገራችን ባለ እጆች ከውጭ የመጣውን ባለ ቀለም ጨርቅ ድርና ማጉን እየፈቱ ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። ይህን ድካም ስናስብ የዛሬው ሰው ክር ተወደደ ብሎ ማማረሩ ያስቀናል።

ያደርንበት ቤት አሮጊት እመቤት በወጣትነታቸው በእጃቸው የጠለፉትን ቀሚስ ከሣጥን አውጥተው አሳዩን። ልጂቱ ገልብጣ ብታየው ውስጡ እንደ ላዩ ንጹሕ ነበር።

«እማማ፣ ስንት ጊዜ ፈጀብዎ?» አለች።

«ከመስቀል እስከ ጥምቀት፤ ለዚያውም ሁለት ጊዜ ፈትቼው። ልጄ፣ ጨርቁ ከሳሳ ክሩን አታጥብቂበት፤ ይኮማተርብሻል።»

ልጂቱ ወደ እኛ ዘወር ብላ ሳቀች፤ ሻጩ ያልነገራትን እኒህ እናት ኮምፒዩተር ሳያዩ ነገሯት።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ በእግር የሚረገጥ አንድ የስፌት መኪና ገዛች፤ ጥርሱ ዝቅ ብሎ እግሩ ከወለቀ፣ መወጠሪያውን በእጅ እያንቀሳቀሱ ይጠለፍበታልና፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ማታ ማታም በወንድሟ ላፕቶፕ ላይ ኢንክ ስቲችን ትማራለች። ለመፈተኛ የሚሆን የሸማ ቍራጭ ከሸማኔዎች እየለመነች ታጠራቅማለች። የበሬዎቹ ገንዘብ ግን እስካሁን አልተነካም።