የሦስተኛው ዘፈን መግቢያ

በ1991 ዓ.ም. ባወጣሁት ካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማና ቅንብር» ከሚለው ጽሑፍ ጎን የሰፈረው ስም የእኔ ብቻ ነው። ግጥሙና ዜማው የእኔ ናቸው። ቅንብሩ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ይህን እያወቅኩ ነው ያሳተምኩት።

ሙዚቃን የጀመርኩት በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ነው። ባንድ የሚባለውን ያወቅኩት ግን በ1987 ነው። ስድስት ነበርን፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎንና እኔ። ማታ ማታ በአንድ የምሽት ክበብ የታወቁ ዘፈኖችን እንጫወታለን። ቀን ቀን ደግሞ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ሳሉ የእኔን አዳዲስ ድርሰቶች እንለማመዳለን። ለልምምዱ የሚከፍላቸው አልነበረም። ለእኔ ብለው ነበር የሚመጡት።

ሳክስፎን ተጫዋቹን ሁላችንም «ጋሼ» እንለው ነበር። በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገ፣ ኖታ እንደ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነው። አንድ ቀን በትዝታ ማይነር የሠራሁትን ዜማ አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝና «ቆይ፣ አንተ ወዲያው አትግባ። እኔ በአምባሰል ልክፈትልህ» አለኝ። የትዝታ ማይነርና የአምባሰል አምስት ድምፆች አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ማረፊያቸው ነው። ጋሼ አምባሰሉ ላይ ቆይቶ ቆይቶ፣ በመጨረሻዋ ትንፋሽ ማረፊያውን ሲቀይረው ትዝታው ከየት መጣ ሳይባል ይመጣል። ዘፈኑ ዘፈን የሆነው ያን ቀን ነው። ልምምዱን በቴፕ ቀድቼው ነበር።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። አንድ ኪቦርድ ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ ነፋሹንም ተክቶ ይሠራ ጀመር። ለስድስት ሰው ይከፍል የነበረው ክበብ ሁለት ሰው በቃው፤ የካሴት ሥራም እንዲሁ ሆነ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝን ሁሉ «ባንዱ ፈረሰ» እላለሁ። ሐሰት ነው። እነሱ ለልምምድ እየጠበቁኝ እኔ ስቱዲዮ ገብቼ ነበር። የልምምዱን ቴፕ እዚያ ለነበረው ኪቦርድ ተጫዋች ከፍቼ «ይህን ልክ እንዳለ አውጣው» አልኩት። አወጣው። የጋሼ ትንፋሽ የሌለው የጋሼ መግቢያ ሆነ።

ካሴቱ በወጣ በጥቂት ወራት ፒያሳ ተገናኘን። «ሰማሁት፤ ጥሩ ወጥቷል» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔም ለማንኛውም አድማጭ እንደምለው «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» ብዬው አለፍኩ።

ለረጅም ጊዜ «ያኔ ሕግ አልነበረም» እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ነውና። ነገር ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ድርሰት ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት። ደግሞስ የአምስት ሰዎችን ስም ሽፋን ላይ ለማስፈር ምን አዋጅ ያስፈልገኝ ነበር? ቦታ ነበረ። ፎቶዬን አነስ ማድረግ ይበቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሲዲ አሳትሜያለሁ። በሁለቱም ውስጥ ያን የመሰለ መግቢያ የለም።

ጋሼ በ2004 አረፈ። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ የተጫወተባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ ተጠሩ። የእኔ ካሴት አልተጠራም። አስከሬኑ አጠገብ ቆሜ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር የድሮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ወጣት ቤቴ መጣ። ሦስተኛውን ዘፈን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሰማና «ጋሽዬ፣ ይህን መግቢያ ማን ነው የሠራው?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። ከጠያቂው በቀር የሚሰማኝ አልነበረም፤ የምጠቀመውም ነገር አልነበረም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ የልምምዱን ቴፕ ከሳጥን አወጣሁ። ክሩ አልተበላሸም። የጋሼ ሳል ይሰማል፣ ከዚያ «ቆይ» የሚለው፣ ከዚያ ሳክስፎኑ።

ለወጣቱ ደውዬ የነገርኩትን አርሜያለሁ። የጋሼን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ሴት ልጁ ነገሩን ከማንም በፊት ከእኔ አፍ ልትሰማው ስለሚገባ ነው። ቴፑን ይዤ ቅዳሜ ቤቷ እሄዳለሁ።