የጋራው ስም የት ተጻፈ?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ በለቀቀ ሰሞን፣ ሃክኒ ካለው ቤቴ ሆኜ፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ለቤተሰብ የሚኖረውን ዋጋ የሚያሰላውን የፓይተን ሞዴሌን አደስሁ። የተለወጠው ግን የአንድ ቤተሰብ ስሌት ብቻ ነበር።

የሌሎቹን መዝገብ በ«ቫርስ» ትእዛዝ ሳስዘረዝር ገቢና የሰው ብዛት ወጣ እንጂ ምንዛሪ የሚል ስም አልነበረም። ክላሱን ራሱን ስጠይቅ፣ በዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው አሮጌ ተመን በቦታው ተቀምጧል። አዲሱን የጻፍሁት በአንዱ ቤተሰብ በኩል ስለነበር፣ ፓይተን የጋራውን ሳይነካ ለዚያ ቤት የግል ምንዛሪ ከፍቶለታል።

የቤት ለቤት ጥናታችንም እንዲሁ ነው፤ ከቤት ቤት የማይለያይ ነገር በመጠይቁ ላይ ዐምድ የለውም። በሁሉም ላይ የሚሠራውን ለማግኘት ደንቡ የተጻፈበትን ስፍራ መጠየቅ ይገባናል።