ምሳ ውርጌሳ

ከደሴ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመንገዱ ላይ ያሉት ከተሞች እያንዳንዳቸው የሚጠሩበት ነገር አላቸው። ሐይቅ ውሃዋና የእስጢፋኖስ ገዳሟ አላት። ውጫሌ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ ከጣሊያን ጋር በተፈረመው ውል ስሟ ከአገር አልፎ ወጥቷል። መርሳ በፍራፍሬዋ ትታወቃለች። በውጫሌና በመርሳ መካከል ያለችውን ውርጌሳን ግን አብዛኛው መንገደኛ በመስኮት አይቶ ያልፋታል። እኔ ውርጌሳን የወደድኳት በገበታዋ ነው። ጥሩ ምግብ፣ ቶሎ ደርሶ፣ ኪስ ሳይጎዳ ይገኛል ወይ ለሚል ሰው ሁሉ ሳልደክም የማወራላት ከተማ ሆናለች።

ደሴ ላይ ጃኬት ደርቦ የተሳፈረ ሰው እዚህ ሲደርስ እጅጌውን መሰብሰብ ይጀምራል። አስፋልቱ ከተማዋን ለሁለት ከፍሏት ያልፋል። ሱቁም፣ ቡና ቤቱም፣ ጎሚስታውም፣ ምግብ ቤቱም ፊቱን ወደዚሁ አስፋልት አዙሯል። በምዕራብ በኩል የአምባሰል ተራሮች ቆመዋል። እኩለ ቀን ሲቃረብ ከየጓሮው የሚወጣው የእንጨት ጭስና ከየበሩ የሚወጣው የቁሌት ሽታ መንገዱ ላይ ይገናኛሉ። የከተማዋ ማስታወቂያ ይህ ነው፤ ሌላ ሰሌዳ አያስፈልጋትም።

ቤት የመረጥኩት የመኪና ጎማ አይቼ ነው። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ተሳቢና ሲኖትራክ ተደርድሮ የቆመበት ደጅ ከማንኛውም ያሸበረቀ በር ይበልጣል። የጭነት መኪና ሹፌር በዚህ መንገድ በየሳምንቱ ይመላለሳል። አንድ ቀን የከረመ ወጥ ያቀረበለትን ቤት በማግስቱ አይረግጠውም፤ ወሬውንም ለጓደኞቹ ሳይነግር አይውልም። እንዲህ ያለ ደንበኛ ያለው ቤት ለአላፊ አግዳሚው ብሎ ለብቻው የሚሠራው ምግብ የለውም። ለሹፌሩ የወጣው ድስት ለእኔም ይወጣል።

እጄን በሩ አጠገብ ከተሰቀለው ባለቧንቧ ጀሪካን ታጠብኩ። ሳሙናው በክር ታስሯል። አስተናጋጇ ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጠራችው፤ ጥብስ፣ ቦዘና፣ ተጋቢኖ፣ በያይነት፣ ፍርፍር፣ ፓስታ በሥጋ፣ ፓስታ በስልስ። ተጋቢኖ አዘዝኩ። ከጓሮ የባለቤቷ ድምፅ መጣ፤ «እንግዳውን ወደ ጥላው አስገቢው፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጪው!» ወዲያው ብቅ ብላ «አብሽር፣ አሁን ይደርሳል» አለችኝ። ደረሰም። ገና ከጎኔ ከተቀመጠው ረዳት ጋር የመንገዱን ሁኔታ ማውራት ስንጀምር ሸክላው ከነፍላቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

ሽሮው መሐሉ ላይ እየተንተከተከ ዳር ዳሩ ሸክላውን ይዞ ጠቆር ብሏል። ላዩ ላይ ዘይቱ ቀይ ሆኖ ጠልሏል። አንድ ቃሪያ በቁመቱ ተሰንጥቆ በሽንኩርት ተሞልቶ ከጎኑ ተጋድሟል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ ከበርበሬው በፊት የደረሰኝ በሶብላው ነው፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዚያ እየቆየ የሚመጣው የኮረሪማው ሙቀት። ዱቄቱ ጥሬ ጥሬ አይልም። ምላስ ላይ የሚቀር ሻካራነትም የለውም። እንጀራው ጤፍና ማሽላ ተቀላቅሎበታል። ውርጌሳ በምትገኝበት በሐብሩ ወረዳ ቆላ ማሽላ ዋና እህል ነው። ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ አካባቢ የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ የኖረ ተቋም ነው። ማሽላ የገባበት እንጀራ ደግሞ ውሸት አያውቅም። ትኩስ ሲሆን ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ ሲያድር ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የእኔ እንጀራ ተጠቅልሎ ሲመጣም ሲዘረጋም አልተሰነጠቀም። የዛሬ ነበር።

ለምን ቶሎ እንደደረሰ ለማየት ወደ ጓሮ እንድገባ ለመንኩ። ባለቤቷ ሳትሰስት አስገባችኝ። ከምጣዱ አጠገብ ሊጡ ኩፍ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ጋጋሪዋ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞረች ታፈሳለች፤ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ትደፋለች፤ ጥቂት ቆይታ ከፍታ በሰፌድ ታወጣዋለች። በትልቁ ድስት የጠዋቱ ቁሌት አለ፤ ሽንኩርቱ ከማለዳ ጀምሮ ሲቁላላ ውሎ ቅርጹ ጠፍቷል። የሽሮው ዱቄት በክዳን ዕቃ ተቀምጧል። እዚህ ጓሮ ውስጥ ያየሁት ነገር ስለ ፈጣን ምግብ ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ አስተምሮኛል። ሸክላው ላይ ያለፈው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ግን አተሩ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቷል። በርበሬው ፀሐይ ላይ ከርሟል። ሊጡ ከእርሾው ጋር ሁለት ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ አብሲት ተጥሎለት፣ ኩፍ ብሏል። አዝጋሚው ሥራ ሁሉ እንግዳው ሳይመጣ አልቋል። ለእንግዳው የቀረችው የመጨረሻዋ እሳት ብቻ ናት።

የማክዶናልድ ወንድማማቾች በ1948 እ.ኤ.አ. ሳን በርናርዲኖ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ምግብ ቤታቸውን እንደገና ሲያደራጁ ያደረጉትም በመሠረቱ ይህንኑ ነው። የምግብ ዝርዝሩን አሳጠሩ፣ ሥራውን በሠራተኞች መካከል ቆራርጠው አከፋፈሉ፣ ደንበኛው ሳይመጣ የሚሠራውን ሁሉ አስቀድመው ጨረሱ። ልዩነቱ አስቀድሞ በሚሠራው ነገር ላይ ነው። በእነርሱ ዘንድ ዝግጅቱ ቀስ በቀስ ወደ ፋብሪካና ወደ ማቀዝቀዣ ሄደ። ውርጌሳ ላይ ዝግጅቱ መፍላት፣ መድረቅና መቁላላት ነው፤ ጊዜው ራሱ ጣዕም ይጨምራል። ስለዚህ ፍጥነት ጥራትን ይገድላል የሚለውን አባባል አሁን አልቀበልም። የሚገድለው ዝግጅቱን መዝለል ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በባለብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤት መብላት የተለመደ ሆኗል። ካልዲስ ቡና አረንጓዴ ምልክቱን በየሠፈሩ ተክሏል። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. በበላይአብ በኩል ሲገባ ከታወቁት የአሜሪካ ፈጣን ምግብ ቤቶች የመጀመሪያው ነበር። ማክዶናልድስ እስካሁን አልመጣም። እነዚህ ቤቶች የሚሸጡት ትልቁ ነገር እርግጠኝነት ነው። ቦሌ የበላኸው ፒዛ ናይሮቢ ከምትበላው ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ማንንም ሳትጠይቅ ምን እንደሚመጣልህ ታውቃለህ። ይህን አልንቅም፤ በማያውቀው ከተማ ልጁን ይዞ ለተራበ ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ግን ለእርግጠኝነቱ የሚከፈለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። አዲስ አበባ ላይ እኔ ብቻዬን ለምበላው ፒዛ የማወጣው ገንዘብ ውርጌሳ ላይ ጓደኛ ጋብዤ፣ ሁለታችንም ጠግበን፣ ቡናውንም ጨምሮ ይበቃል። ጭማሪ እንጀራ ስጠይቅም አስተናጋጇ ፊቷ ሳይጠቁር አመጣችልኝ። ይህን የማነሳው በአንዳንድ ከተማ ጭማሪ እንጀራ ሂሳብ ላይ ለብቻው ተጽፎ ስለሚመጣ ነው።

በዚህ መንገድ ሁሉም ቤት እንደዚህ አይደለም። በሕዝብ አውቶቡስ ስሄድ ተሳፋሪውን በጅምላ የሚያራግፉ የምሳ ማቆሚያዎች አጋጥመውኛል። ሹፌሩና ረዳቱ በነጻ ይበላሉ፤ ሃምሳ ስድሳ ተሳፋሪ ሌላ ምርጫ ሳይኖረው ይገባል። ሂሳቡ ይወደዳል፣ ሥጋው ይጠናል፣ ጥሩንባው ሲነፋ ግማሹ ሳህን ላይ ይቀራል። ባለቤቱ ያንን ተሳፋሪ ዳግመኛ እንደማያየው ያውቃል። እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር፤ የመንገድ ዳር ምግብ ጥራት የሚወሰነው በተመላሽ ደንበኛ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የተመላሽ ደንበኛን ቦታ በምልክትና በመመሪያ ይተኩታል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ቢያጠፋ ስሙ የሁሉም ነውና ይጠነቀቃሉ። ውርጌሳ ምልክትም መመሪያም ሳይኖራት ከዚያው ትደርሳለች፤ ሹፌሩ ነገ ይመለሳል፣ የገበያ ቀን የሚወጣው ገበሬ በሳምንቱ ይመለሳል፣ ጎረቤቱ መምህር በየቀኑ ይበላል። በእነዚህ ሰዎች ፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ማታለል አይቻልም።

ፓስታውንም ቀምሼዋለሁ። ከዚህ መስመር ጋር የቆየ ዝምድና ያለው ምግብ ስለሆነ ሳልቀምስ ማለፍ አልፈለግሁም። ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና የሠሩት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። እነርሱ ሄዱ፣ አስፋልቱና ፓስታው ቀሩ። በእኔ እምነት አገራችን የተቀበለችው የመጀመሪያው የባዕድ ፈጣን ምግብ ፓስታ ነው፤ ስንቀበለው ደግሞ በራሳችን ደንብ ነው። የውርጌሳው ስልስ በርበሬ አለበት፣ ከጎኑ ቃሪያ ይመጣል፣ የፈለገም ሰው በእንጀራ ይጠቀልለዋል። ከጎኔ የነበረው ረዳት ሹካውን ሳይነካ በእንጀራ አጣጥሞ ጨረሰው። እኔም በማግስቱ እንደዚያው በላሁ።

ወሎ ስለሆነ የሥጋ ነገር የራሱ ሥርዓት አለው። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሙስሊም ምግብ ቤትና የክርስቲያን ምግብ ቤት ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ጥብስ የፈለገ ሰው ወደየራሱ ይገባል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ክርስቲያኑ ቤት ወደ ጾም ይዞራል፤ ቅቤው ወርዶ ዘይቱ ይወጣል፣ በያይነቱ ላይ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑና ሱፍ ፍትፍቱ ይደረደራል። በዚያ ቀን ማዕዱን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ ይቀርቡታል። ዓርብ ዕለት ከአንድ ትሪ በያይነት ሲበሉ ያየኋቸው ሁለት ሹፌሮች አንዱ ከመስጊድ የመጣ ነበር፣ አንዱ ጿሚ። አንዱ ሌላውን «በሞቴ፣ ይችን ብቻ!» እያለ ያጎርሰዋል። ለእኔ ይህ ከምግቡ ጥራት ተለይቶ የሚቆጠር ነገር አይደለም። ምግብ ቤት የሚበላበትን ሰው ሁሉ አክብሮ ማስቀመጥ ከቻለ የሰጠሁት ገንዘብ በሙሉ ዋጋው ደርሶኛል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ቀላል ሆኖ የቆየ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በዚህ መንገድ ሲወጣና ሲወርድ ሐብሩ ክፉኛ ከተጎዱት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከሹፌሩ ቀጥሎ የሚጎዳው የሚያበላው ነው። ሊጥ ቀን ቆጥሮ የሚቦካ ነገር ነው፤ መኪና ይመጣል ተብሎ ተቦክቶ መኪና ሳይመጣ ሲቀር ይበላሻል። እንዲያም ሆኖ እሳቱን የሚያነዱትን እነዚህን ሴቶች ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ዕንቁላልና ሽንኩርት በተወደደበት ጊዜ ሸክላውን አለማሳነስ የባለሙያ ክብር ነው።

ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ቡና አለ። ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት ይመጣል፤ አቦሉ ወፍራም ነው፣ ቶናው ይሻለኛል። ፍራፍሬ ለሚወድ ከመርሳና ከግራና በኩል የሚመጣ ማንጎና ብርቱካን በጣሳና በፌስታል እየተሸጠ ያልፋል፤ ወቅቱን ጠብቆ የመጣ ሰው ለቤቱም ይዞ ይሄዳል።

በዚህ መንገድ ለምታልፉ ሁሉ የምመክራችሁን ልንገራችሁ። በራሳችሁ መኪና ከሆናችሁ ደሴ ላይ ቁርስ ቀለል አድርጉና ውርጌሳ ከስድስት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ሹፌሮቹ ይሞሉታል፣ ተጋቢኖውም የሚጠበቅ ይሆናል። ጾም ከሆነ በያይነት እዘዙ፤ ፍስክ ከሆነ ጥብሱን ደረቅ አድርጉልን በሉ፣ ከቃሪያና ከሚጥሚጣ ጋር ይመጣል። እንጀራው የዛሬ መሆኑን በጣታችሁ አጠፍ አድርጋችሁ እዩ። የቀረውን ባለቤቷን ጠይቁ፤ ጓሮውን ራሷ ታሳያችኋለች።